ለባሌ ተራሮች ስንት ሌሊት ይያዝ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በጥር ወር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችን (የ9 እና የ13 ዓመት) እና ከእናቴ ጋር ለ18 ቀን አገር ቤት እንገባለን። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ካላየን ስላሉ ባሌን መርጠናል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሁለት ሌሊት ሦስት ቀን ሁሉንም እንደሚያሳየን ነግሮናል። ወንድሜ ደግሞ ‹የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ በመኪና በአንድ ሰዓት ታቋርጡታላችሁ፤ ከዚያ በላይ መቆየት ገንዘብ ማባከን ነው› ይላል። እኔ ግን በእግርና በፈረስ ስድስት ቀን የሚፈጅ ጉዞ እንዳለ አንብቤ ልቤ እዚያ ላይ ቀርቷል። ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ትክክለኛው ስንት ቀን ነው? ለጊዜው ከመመለሳችን በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን ቀናት ለባሌ ትተናል።»

መልስ፦ ስድስት ሌሊት ይያዙ፤ እሱንም ከጉዞው መጨረሻ አንስተው መካከል ላይ ያድርጉት። ድርጅቱም ወንድምዎም የነገሩዎት ውሸት አይደለም። ድርጅቱ የቦታ ስም ይቆጥራል፣ ወንድምዎ የመኪና ሰዓት ይቆጥራሉ። ባሌ ላይ መቆጠር ያለባቸው ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ደጋው ላይ ስንት ንጋት እንደሚያገኙና በየሌሊቱ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚተኙ። ልጆቹ ቀበሮውን ማየት አለማየታቸው በመጀመሪያው ይወሰናል፤ ሁላችሁም በደህና መመለሳችሁ በሁለተኛው።

የሦስቱን ቀን ስሌት እንየው። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እስካለበት ከተማ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማና በአሰላ በኩል አድርገው፣ በቆጂን፣ አሳሳን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈው ይሄዳሉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ነገር ግን ቁርሱ፣ ምሳው፣ የልጆቹ እረፍት፣ በየከተማው የሚገጥመው ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ሲደመር ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ፣ ሦስተኛውም በመመለስ ያልቃል። የሚቀርዎት አንድ ቀን ነው። የሦስት ቀን ፕሮግራም የሚሸጥ ሁሉ በዚያ አንድ ቀን ውስጥ የጋይሳይን ሜዳ፣ ሳነቴን፣ የቱሉ ዲምቱን ተራራና የሐረናን ጫካ ይደረድራል። ከዲንሾ ተነስቶ በሮቤና በጎባ በኩል ሳነቴን ተሻግሮ ሐረና መውረድ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ መመለስ ማለት ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መዋል ማለት ነው። ያ ቀን ደግሞ ጭጋግ ከሆነ ምትክ የለውም። እስከዚያ ድረስ ተጉዞ ነጭ ጉም ብቻ አይቶ የተመለሰ ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አጭር ጊዜ የያዘ ነው።

ወንድምዎ ያሉት አንድ ሰዓት መንገዱን በተመለከተ ልክ ነው። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኪና ከሚያልፍባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ላይ ናት፤ ከከተማዋ ወጥተው ጥቂት እንደተጓዙ ጥዱና ኮሶው ያልቅና አስታው ይጀምራል፣ እሱም እየደቀቀ ሄዶ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው ሜዳ ይገለጣል። ጅብራ፣ ጓሳ፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ትናንሽ ሐይቆች፣ ጥቁር ድንጋይ። በመስኮት ያየ ሰው «ባዶ ሜዳ ነው» ብሎ ቢያልፍ አልፈርድበትም። ነገሩ ያለው መሬቱ ላይና ከመሬቱ ሥር ነው፤ ለማየት ደግሞ መውረድና መቆም ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብና እንደ ሌላው ቀበሮ የሌሊት አውሬ ይመስለዋል። አይደለም፣ በቀን ነው የሚያድነው። ምክንያቱም ዋናው ምግቡ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው፤ ይህ ፍልፈል ደግሞ ሌሊቱ ስለሚበርድ ፀሐይ ሲወጣ ነው ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ግማሽ አካሉን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ ይነጫል፣ አፉን ይሞላና ወደ ኋላው ተንሸራቶ ይገባል። ብዙ ጊዜ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ከሚቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች። እሷ ካለች ፍልፈሉ ሥራ ላይ ነው። ቀበሮው ከርቀት ያያል፣ ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ ይላል፣ አንድ እግር ያነሳል፣ ይቆማል፣ ፍልፈሉ ሲገባ ጥቂት ይራመዳል፣ ብቅ ሲል ይደርቃል። አንዳንዴ ጉድጓዱ አፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ ይስታል። ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ በአንድ ሰዓት መሻገር ውስጥ ግን ይህ የለም። ቢበዛ ጅራቱ ጥቁር የሆነ ቀይ ነገር ከመንገዱ ዳር ሲሮጥ ያያሉ፣ ፎቶ ሳያነሱም ያልፋል።

ቀበሮዎቹ የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ የሚያድኑት ግን ለየብቻ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ መንጋው ይሰበሰባል፣ ይተሻሻል፣ ድንበሩን ይዞራል። ቀን ላይ ይበታተናል። ስለዚህ ቀን ላይ አንድ ቀበሮ ማግኘት ይቻላል፤ አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ለማየት ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው መድረስ አለብዎት። ከሰዓት በኋላ ደመና መምጣቱ ደግሞ በደረቁ ወቅትም የተለመደ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ዕድል የሚሰጥዎ ቦታ የለም። ቢሆንም ዕድል ነው፤ አንድ ንጋት ይዞ መሄድና አራት ንጋት ይዞ መሄድ በፍጹም አይተካከሉም። ስድስት ሌሊት የምልበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፦ በእኔ አደረጃጀት ከስድስቱ ሌሊት የአራቱ ንጋት ቀበሮ ባለበት ወይም በአቅራቢያው ያገኝዎታል።

ወደ ከፍታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም በጥያቄዎ ውስጥ አንድም ቃል አልተነሳበትም። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ አዲስ አበባ ነው ያደግነው» የሚለውን ከውጭ ከሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ዓመታት ሲኖር ደሙ የባሕር ጠረፍ ነዋሪ ደም ሆኗል፤ ከፍታን መላመድ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ልጆችዎ ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም። ሳነቴ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኙት 60 በመቶው ያህል ነው። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ በማንም ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ስፖርተኛ መሆን፣ ወጣት መሆን፣ አለማጨስ አያድንም። ጉልበተኛ ሰው እንዲያውም ቸኩሎ ስለሚወጣ ይብስበታል።

ሕመሙ የሚጀምረው እንደደረሱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቀን 4,000 ሜትር ወጥቶ ውሎ ማታ 2,700 ወይም 2,400 ሜትር ወርዶ የሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ እዚያው ላይ የሚያድረው ነው ሌሊት ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ የሚነሳው። የተራራ ሐኪሞች ምክር ግልጽ ነው፦ 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ የመኝታ ከፍታዎን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ሌሊት ባሉበት ይድገሙ። ይህን ሕግ ይዘው ካርታውን ቢያዩት የቀኑ ብዛት በራሱ ይወጣል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ዲንሾ 3,100፣ የወብ ሸለቆ ካምፕ 3,500 አካባቢ፣ ሳነቴ 4,000። ይህን ደረጃ በሁለት ሌሊት መውጣት አይቻልም፤ የሚያደርጉት አሉ፣ ቤተሰብ ይዞ ግን መሞከር አይገባም።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ባሉበት ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከፍ አለማለት ይበቃል። ተቀምጦ ሳለ የሚያስተነፍስ፣ ደረቅ ሳል የያዘው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባጥር ሰው ካለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ይወርዳል። የ9 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ማለት ላይችል ይችላል፤ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከተነጫነጨ፣ ጨዋታ ከተወ ከፍታው እንደሆነ ቆጥረው ይያዙት። እናትዎን በተመለከተ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ አይሄድም ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍታ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን «3,100 ሜትር ላይ አድራለሁ፣ ቀን 4,000 ሜትር እወጣለሁ» ብለው በቁጥር ይጠይቁ። አሴታዞላሚድ የሚባለውን የከፍታ መድኃኒትም ከዚያው ሐኪም ጋር ይነጋገሩበት፤ መድኃኒቱ ሽንት ያበዛል፣ እናትዎ ከሚወስዱት ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ የሰልፋ አለርጂ ላለበትም ጥንቃቄ ይሻል። ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ባሌን የጉዞው መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ሳይሆን መካከል ላይ ያድርጉት የምለው በዚሁ ምክንያትና በሌላ በአንድ ነው። ሜሪላንድና አዲስ አበባ በጥር የስምንት ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሌሊቶች እንቅልፍ አይኖርም፣ ራስ ይከብዳል። ያን ጊዜ ተራራ ላይ ከሆኑ ጉዞው ያመጣውን ራስ ምታትና ከፍታው ያመጣውን መለየት አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች አዲስ አበባ ከዘመድ ጋር ያሳልፉ፤ እዚያው ማደሩ በራሱ የመጀመሪያው መላመጃ ነው። በሌላ በኩል ባሌን የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ካደረጉት ደግሞ የአገር ውስጥ በረራ ቢሰረዝ፣ መኪና ቢበላሽ፣ መንገድ ቢዘጋ የአሜሪካው በረራ ያመልጥዎታል። በአምስተኛው ቀን ይውጡ፣ በአሥራ አንደኛው ይመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ይቀርዎታል። ጥምቀትን አዲስ አበባ ማክበር ከፈለጉ ቀኑን ከዚያ ጋር አስታርቁት። በገናና በጥምቀት አካባቢ በረራም ማረፊያም ቶሎ ስለሚሞላ ይህን አሁኑኑ ነው መወሰን ያለብዎት።

ልብዎ የቀረበት የስድስት ቀን የእግርና የፈረስ ጉዞ በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከሚያምሩት አንዱ ነው። ከዲንሾ ተነስቶ በሶዶታና በኬይረንሳ አድርጎ፣ የራፉን የድንጋይ ዓምዶች አልፎ፣ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ደርሶ ሳነቴ ላይ ይወጣል። ጓዙን ፈረስ ይሸከማል፣ ባለፈረሶቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከእረኛ በስተቀር ሰው ላያጋጥም ይችላል። ለእርስዎና ለባለቤትዎ ብቻ ቢሆን «ሂዱ» እላለሁ። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ግን በዚህኛው ጉዞ አልመክርም። አብዛኞቹ ሌሊቶች ከ3,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከመካከሉ ሰው ቢታመም መኪና የሚደርስበት ቦታ ለመድረስ በፈረስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በጥር ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሌሊት እንዲህ ማደር ለልጅ ጀብዱ ነው። አምስት ሌሊት ተከታትሎ ግን ቅጣት ይሆንበታል፣ ልጆቹ ሲማረሩ ደግሞ ወላጅ የሚያየው ተራራ የለም። በዚያ ላይ ስድስቱን ቀን በትክክል ለመሥራት መላመጃውና መንገዱ ተጨምሮ ዘጠኝ አሥር ቀን ይጠይቃል፤ ከ18ቱ ቀን ይህን ያህሉን ከወሰዱ አያት፣ አክስትና የአጎት ልጆች ምን ይተርፋቸዋል? ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ ይመለሱበት።

እንግዲህ የእኔ ስድስት ሌሊት ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስተው ዲንሾ ይደርሳሉ። ከከተማዋ ትንሽ ቀደም ብሎ መንገዱ የጋይሳይን ሜዳ ስለሚያቋርጥ ገና መኪና ውስጥ ሳሉ የደጋ አጋዘን መንጋ ማየት ይችላሉ፤ ይህ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው። ያን ማታ እራት ቀለል ያለ ይሁን፣ አልኮል ይቅር፣ ቶሎ ይተኙ። ሁለተኛውን ቀን እዚያው ዲንሾ ይዋሉ። ብዙ ፕሮግራም ይህን ቀን ይዘለዋል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የምይዘው እሱን ነው። ጠዋት በጋይሳይ ከአስጎብኚ ጋር በእግር፣ ከሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን። አጋዘኑ እዚያ ሰው ስለለመደ ጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ቆሞ ያመነዥካል፣ ከርከሮው ጉልበቱን አጥፎ ይግጣል፣ ድኩላው ከዛፉ ሥር ያያችኋል። እናትዎ ያለ ምንም ድካም አብረው የሚውሉበት ቀን ነው፤ ሰውነታችሁ ደግሞ ሳታውቁት ሥራውን እየሠራ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ወብ ሸለቆ ይሂዱ። ልጆቹ በፈረስ፣ እርስዎና ባለቤትዎ በእግር፤ እናትዎ ሁሉም ጤነኛ ከሆነ በላንድ ክሩዘር ዓይነት መኪና ሸለቆው ድረስ መጥተው ማታ ዲንሾ ይመለሳሉ፣ ከእርስዎ ወይም ከባለቤትዎ አንዳችሁ አብራችሁ ብትመለሱ ይሻላል። የቀራችሁት እዚያው ሸለቆው ውስጥ ሶዶታ ካምፕ ላይ አንድ ሌሊት በድንኳን ታድራላችሁ። አካባቢው ከቀይ ቀበሮ በተጨማሪ ሌላም ታሪክ አለው። በፊንጫ ሀበራ ያለው የዋሻ መጠለያ 3,469 ሜትር ላይ ነው፤ በ2019 የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት፣ በላይ ያለው ተራራ በግግር በረዶ በተሸፈነበት ዘመን፣ ሰዎች እዚህ ይኖሩ እንደነበር፣ ያንኑ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበርም አሳይቷል። ለ13 ዓመቱ ልጅ ይህን እዚያው ቆመው ይንገሩት።

አራተኛው ቀን ንጋት ላይ ሸለቆው ውስጥ ቀበሮ ፍለጋ ነው፤ ከዚያ ወደ ዲንሾ፣ ከሰዓት ደግሞ በሮቤ በኩል ጎባ። ጎባ ላይ 2,700 ሜትር ስለሆነ ሁላችሁም የተሻለ እንቅልፍ ታገኛላችሁ፣ ሙቅ ውሃም አለ። አምስተኛው ቀን የሳነቴ ነው። ከመንጋቱ በፊት ተነሱና ፀሐይ ሲወጣ ሜዳው ላይ ሁኑ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ፤ መኪናውን አቁሙ፣ ከሐይቆቹ አንዱ ዳር ተቀመጡ፣ ባይኖኩላር ያዙ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ጫፉ ድረስ የመኪና መንገድ አለው፤ እናትዎ ደህና ከሆኑ ለአጭር ጊዜ ሊወጡ ይችላሉ፣ ካልሆነ ግን ምንም አይቀርባቸውም፤ ቀበሮው ያለው ታች ሜዳው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐረና መውረድ ይጀምሩ። ሜዳው በድንገት ያልቅና ከእግርዎ ሥር ደመና የለበሰ ጫካ ይታያል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ በአስታው፣ በሪራ መንደርና በቀርከሃው አልፎ 2,400 ሜትር ላይ ካቻ የተባለው ካምፕ ያደርሳል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ የዛፍ ሽበትና ሐረግ ወደሚወርድበት እርጥብ ዛፍ። እዚያ ያድራሉ። ስድስተኛው ቀን ጠዋት የጫካ ነው፤ የባሌ ጦጣ በቀርከሃው ውስጥ፣ ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች፣ ወደ ታች ዝቅ ሲል የጫካ ቡና። ከሪራ ሰዎች ማር ይግዙ። ከዚያ ሳነቴን መልሰው ተሻግረው ጎባ ወይም ሮቤ ያድራሉ፤ ይህ መመለስ ሁለተኛ ዕድልዎ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ጭጋግ ከነበረ በሁለተኛው ላይኖር ይችላል። ካስፈለገም ሰባተኛው ቀን ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ መውጣት ይቻላል። ከዚያ በሮቤ አውሮፕላን ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ።

ቀን ካነሰ ምን ይቀነስ? አራት ሌሊት ብቻ ካለ የወብ ሸለቆው ድንኳንና የሐረናው አዳር ይቅሩ፤ ሁለት ሌሊት ዲንሾ፣ ሁለት ሌሊት ጎባ፣ ሁለት ጠዋት ሳነቴ። ይህ ጥሩ ጉዞ ነው፣ አያሳፍርም። ሦስት ሌሊት ከሆነ በአንድ በኩል በአውሮፕላን መሆን አለበት። ሁለት ሌሊት ብቻ ካለዎት ግን ባሌ አይሂዱ። ልጆቹን 16 ሰዓት መኪና ውስጥ አስቀምጦ ጉም ከማሳየት ወንጪ ሐይቅን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ፣ ወይም መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ መዋል ይሻላል። የማይቀነሰው ዲንሾ ላይ ያለው ሁለተኛው ሌሊት ነው። ድርጅቱ «እሱን ትተን ቶሎ ሳነቴ እንውጣ» ካለ እምቢ ይበሉ።

ከስድስት በላይ ማድረግስ? ሶፍ ዑመር ዋሻን መጨመር ይቻላል፤ የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች የሠራው ነው፣ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ለእናንተ ግን አልጨምረውም። ከስድስተኛው ሌሊት በኋላ ቤተሰብ ይደክማል፣ ልብስ ያልቃል፣ አዲስ ነገር ማየት ቢኖርም የማየት ፍላጎት ይቀንሳል።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች። የመንገድ ጸጥታ በኦሮሚያ ውስጥ ከቦታ ቦታ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ዛሬ እኔ የምለው በጥር ላይሠራ ይችላል። ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ዲንሾ ካሉ አስጎብኚዎችና መንገዱን በየሳምንቱ ከሚመላለስበት ሾፌር ይጠይቁ፣ በጨለማ በጭራሽ አይንዱ። የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹ የሚያወጣውንም ማስጠንቀቂያ ያንብቡ፤ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ «አትሂዱ» በተባለበት ቦታ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ስለ መንገዱ ጥርጣሬ ካለ እስከ ሮቤ በአውሮፕላን መሄድ ዋጋ ያለው ወጪ ነው፤ በረራው በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ግን ቀኖቹን በበረራው ያስተካክሉ። ሳነቴ ላይ ሾፌሩ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አጥብቀው ይንገሩት፤ በመኪና የተገጩ ቀይ ቀበሮዎች አሉ፣ እያንዳንዷ ነፍስ የምትቆጠርበት ዘር ነው። ምግብ አይወርወር፣ ግልገሎች ያሉበት ጉድጓድ አጠገብ አይቅረቡ። ጾም ከያዛችሁ ለምግብ አብሳዩ አስቀድሞ ይነገረው፤ ተራራ ላይ ሆኖ ሽሮና ምስር አምጡ ቢባል የሚገኝበት ሱቅ የለም። የመኝታ ከረጢት ከአሜሪካ ይዛችሁ ኑ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችል ይሁን፤ የሚከራየው ብዙ ጊዜ ሳስቷል።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ድርጅቱን አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁት፦ በእያንዳንዱ ሌሊት የት እንደምትተኙ፣ የዚያም ቦታ ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ሰው ቢታመም ደግሞ በምን መኪና በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚወርድ። ይህን ሳያመነታ የሚመልስ ካገኙ ይክፈሉ። ዝርዝሩን ሳይሰጥ «አታስቡ፣ እኛ አለን» የሚል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።